መዝገቡና ማይክሮስኮፑ

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1873 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በርገን ከተማ፣ ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን የተባለ የ31 ዓመት ሐኪም ከአንድ የሥጋ ደዌ ታማሚ ቆዳ ላይ ካበጠው ቦታ ጥቂት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በሕዋሳቱ ውስጥ ቀጫጭን በትር የሚመስሉ ነገሮች አየ። ዛሬ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የሚባለው ባክቴሪያ ነበር። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ለዓለም ያሳየው ከዚህ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ከሰው ልጅ ሥር የሰደዱ በሽታዎች መካከል መጀመሪያ ከባክቴሪያ ጋር የተያያዘው ሥጋ ደዌ ነው ማለት ይቻላል። የባክቴሪያ ጥናት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በዚህ መልክ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መነጽር፣ አንድ ቀን። የሥጋ ደዌ ታሪክ ግን ለዚህ አተራረክ አይመችም። ሃንሰን በመነጽሩ ያየውን ነገር ለመረዳት ያስቻለው፣ ከእርሱም በኋላ የዚህን ባክቴሪያ ጠባይ ያስተማረን፣ ሰዎችን በስም፣ በቀዬና በዓመት የመዘገበ ወረቀት ነው። መዝገቡ ባይኖር በትሮቹ ትርጉማቸው ያልታወቀ ትዕይንት ሆነው ይቀሩ ነበር። ይህ ታሪክ ከበርገን ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በሃንሰን ወጣትነት የበርገን ሐኪሞች ሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበር። የዚህ አስተሳሰብ ዋና ጠበቃ ዳንየል ዳንየልሰን ሲሆን፣ ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር በ1847 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የዘመናዊ የሥጋ ደዌ ሕክምና መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ሰውየው የዋዛ አልነበረም፤ ድምዳሜውም ባየው ነገር ላይ የቆመ ነበር። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ይታመማል፤ ጎረቤታቸው ደህና ነው። ሚስት ከታመመ ባሏ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስትተኛ ኖራ በሽታው አይነካትም። ዳንየልሰን በዚህ ብቻ አልረካም፤ ከታማሚዎች የተወሰደ ነገር በተደጋጋሚ ወደ ራሱ ሰውነት አስገባ፤ አብረውት ከሚሠሩት መካከልም እንዲሁ ያደረጉ ነበሩ። አንድም ሰው አልታመመም። ተላላፊ አይደለም ለማለት ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለግ ነበር? ዛሬ የምናውቀው ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ያህል ባክቴሪያውን በተፈጥሮው እንደሚቋቋም ነው። በሚያዘውም ሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይፈጃል። ዳንየልሰን የሞከረው በጥቂት ሰዎች ላይ ነበር፤ ጥቂት ሰው ደግሞ ስለዚህ በሽታ ምንም አይናገርም።

በኢትዮጵያም ያለ መጽሐፍና ያለ መርፌ ወደዚሁ ድምዳሜ ተደርሷል። ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል፤ ሽማግሌ ከሚያጣራቸው ነገሮች አንዱ በዘሩ ቁምጥና ይኑር አይኑር ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሚያዜሙት፣ ምጽዋት ተቀብለው የሚመርቁት ላሊበላዎች፣ ይህን ሥራ የተወ ሰው ሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚል እምነት አላቸው፤ ግዴታውም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ገበሬውን ባላዋቂነት፣ የበርገኑን ሐኪም በሳይንስ መመደብ ቀላል ቢመስልም ፍርዱ ልክ አይሆንም። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው። በዐይን የሚታየው ቤተሰቡ ነው፤ ከአምስትና ከዐሥር ዓመት በፊት በአንድ ጣሪያ ሥር የተፈጸመው መተላለፍ ግን ለማንም ዐይን አይታይም። እንዲህ ያለውን ነገር ማየት የሚችለው ዐሥር ዓመት የሚያስታውስ፣ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚመለከት መሣሪያ ብቻ ነው።

ኖርዌይ ያን መሣሪያ የሠራችው ሃንሰን ገና ልጅ ሳለ ነው። በ1856 በንጉሣዊ ትእዛዝ ብሔራዊ የሥጋ ደዌ መዝገብ ተከፈተ፤ በዓለም ላይ ለአንድ በሽታ ብቻ የተቋቋመ የመጀመሪያው አገር አቀፍ መዝገብ ይህ ነው። የየወረዳው ሐኪም ከአጥቢያው ካህንና ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ የእያንዳንዱን ታማሚ ስም፣ የትውልድና የመኖሪያ ቦታ፣ በሽታው የጀመረበትን ጊዜ፣ ሌላ የታመመ ዘመድ ይኑረው አይኑረው ይጽፋል። በየዓመቱም ይመለስበታል፤ ሆስፒታል የገባው፣ ወደ ሌላ ወረዳ የሄደው፣ ከአገር የተሰደደው፣ የሞተው ሁሉ ይመዘገባል። መጀመሪያ ሲቆጠር ከ2,800 በላይ ታማሚ ተገኘ፤ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ከ8,000 የሚበልጥ ሰው ሰፍሮበታል። ዛሬ የበርገን የሥጋ ደዌ ሰነዶች በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ክብርም ዝናም የሚያስገኝ አይደለም። በፊዮርዶቹ መካከል በጀልባ እየዞረ ቅጽ የሞላውን የወረዳ ሐኪም ስም ዛሬ የሚያነሣ የለም።

ሃንሰን ወደ ማይክሮስኮፑ ከማጎንበሱ በፊት ያነበበው ይህን መዝገብ ነው። በየገጠሩ እየተዘዋወረም ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን መቼ እንደታመመ ጠየቀ። በ1874 ባሳተመው ዘገባ ስለ በትሮቹ የተናገረው በጥንቃቄና በጥቂቱ ነው፤ ክርክሩን የተሸከመው በሽታው በቤተሰብና በአካባቢ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳየው ክፍል ነበር። በዘር የሚወርድ ቢሆን ኖሮ፣ ታማሚዎች ወደ ሆስፒታል በብዛት በገቡባቸው ወረዳዎች የአዲስ ታማሚዎች ቁጥር ከሌላው ቦታ ፈጥኖ የሚቀንስበት ምክንያት አልነበረም። መዝገቡ ግን ቀንሷል አለ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሃንሰን አትላንቲክን ተሻግሮ በሚኒሶታና በአካባቢዋ የሰፈሩ ኖርዌያውያንን ፈለገ። ከመቶ በላይ ታማሚዎች ወደዚያ ተሰድደው ስለነበር ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን መረመረ። በሽታው ከደም የሚወረስ ከሆነ ውቅያኖስ አያግደውም፤ ከተወላጆቹ መካከል ግን አንድም ታማሚ አላገኘም። በእኔ ግምት ከሃንሰን ሥራዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ጉዞ ነው። ለጉዞውም ቢሆን የማንን ልጅ መፈለግ እንዳለበት የነገረው ያው መዝገብ ነበር።

የባክቴሪያ ጥናት አባቶች ያወጡት መለኪያ ሥጋ ደዌ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። በኮህ ትምህርት አንድ ባክቴሪያ የአንድ በሽታ መንስኤ ነው ለማለት፣ ከታማሚው ወስዶ ለብቻው ማሳደግና ያደገውን ወደ ጤነኛ እንስሳ አስገብቶ በሽታውን ማስነሣት ያስፈልጋል። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ግን በሳህን ላይ ያሳደገ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ምክንያቱ በ2001 ዘረ መሉ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ግልጽ ሆነ፤ ባክቴሪያው ብዙዎቹን የቀድሞ ዘረ መሎቹን አበላሽቶ ጥሏል፤ ከሌላ ሕዋስ ውጪ ራሱን ችሎ መኖር አይችልም። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በሃያ ደቂቃ ሲባዛ፣ ይህኛው ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ሃንሰንም ይህ ግድግዳ ሲገጥመው ታሪኩን የሚያጠቁር ሥራ ሠራ። በ1879 በሆስፒታሉ ከነበሩት ታማሚዎች የአንዷን ዐይን፣ ሳያስፈቅዳት፣ ከሌላ ታማሚ በተወሰደ ነገር በነከረው ስለት ወጋ። ሴትዮዋ ከሰሰችው፤ በ1880 ፍርድ ቤት ፈረደበትና የሆስፒታል ሐኪምነቱን አጣ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪም ሆኖ ግን ቀጠለ። ያ ሙከራ ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ከንቱም ነበር፤ ምንም አላረጋገጠም። በዚያው በ1879 በርገንን ጎብኝቶ ናሙና የተቀበለው ጀርመናዊው አልበርት ናይሰር ባክቴሪያውን በቀለም አቅልሞ በደንብ ካሳየ በኋላ ግኝቱ የእኔ ነው ማለቱ ሌላ ራስ ምታት ሆነ። ስለ ቀዳሚነት የተደረገው ጭቅጭቅ ለታሪክ ጸሐፊዎች ይጥማል፤ ለታማሚው ምንም አልፈየደም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። መዝገብ የሚነግረን በሽታው ይተላለፋል የሚለውን ብቻ ነው፤ ምን እንደሚተላለፍ አይነግረንም። ያለ ማይክሮስኮፕ መርዝ ይሁን መጥፎ አየር ወይም የተበላሸ ዓሣ (በዘመኑ ዓሣን የሚከሱ ሊቃውንት ነበሩ) ማን ይለየው ነበር? መድኃኒትስ በምን ላይ ይሞከር ነበር? ተቃውሞው እውነት አለው። በቀለም የተነከረው የቆዳ ናሙና እስከ ዛሬ የምርመራው አንዱ ክፍል ነው። ግን የኔ ነጥብ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ ብቻውን ሲቆም ይስታል የሚል ነው። ዳንየልሰን ራሱ በማይክሮስኮፕ ጎበዝ ነበር፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ከመነጽሩ በስተጀርባ ያለውን ብዙ ዓመትና ብዙ ሺህ ሰው የሚቆጥር ዘዴ ስላልነበረው ተሳሳተ። ሌላም የሚነሣ ነገር አለ፤ የዘሩ ሐሳብ ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። ከ2000 በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አንዳንድ ሰዎች ለባክቴሪያው የሚጋለጡት በወረሱት ዘረ መል ምክንያት መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ በሽታው መደጋገሙ ሁለት ምክንያት አለው፤ አንድ ጣሪያና አንድ ደም። በሽታው ግን ከወላጅ ወደ ልጅ በደም አይወርድም፤ የሚወርደው የመቋቋም አቅም ማነስ ነው። ይህን ልዩነት የለየውም የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ ከመነጽር ይልቅ የዘር ሐረግ ሠንጠረዥ ይዞ የተሠራ ጥናት።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን የሞራል ነው። የተመዘገበ ሰው ሊታሠር ይችላል። የኖርዌይ የ1885 ሕግ ታማሚው በቤቱ የተለየ ክፍልና አልጋ ከሌለው ወደ ሆስፒታል እንዲገባ አዘዘ፤ ፈቃዱ ቢሆንም ባይሆንም። በ1897 በበርሊን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ የሃንሰንን አቋም ተቀብሎ ማግለልን መከረ፤ ከዚያ ወዲያ ቅኝ ገዢዎችና መንግሥታት በሳይንስ ስም ደሴትና በረሃ አጠሩ። ጃፓን ታማሚዎችን የምታገልበትን ሕግ የሻረችው በ1996 ነው፤ የሚያድን መድኃኒት ከተገኘ አምስት ዐሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ። እንግዲህ ባክቴሪያውን ማወቅ መጀመሪያ ያመጣው ነጻነትን ሳይሆን አጥርን ነው። ሆኖም አጥሩን የወለደው መዝገቡ ነው ወይም ባክቴሪያው ነው ማለት የጊዜ ቅደም ተከተሉን መርሳት ይሆናል። ሃዋይ ታማሚዎችን የማግለል ሕግ ያወጣችው በ1865 ነው፤ ሃንሰን በትሮቹን ከማየቱ ስምንት ዓመት በፊት። ፍርሃቱ ቀድሞ ነበር፤ ሳይንሱ በኋላ ማኅተም መታለት። የታማሚዎቹን ቁጥር የቀነሰው አስገዳጅ ማግለል ብቻ አለመሆኑን ያጋለጠውም ያው የኖርዌይ መዝገብ መሆኑ ይገርማል፤ ቁጥሩ መቀነስ የጀመረው አስገዳጅ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነበርና። ማግለሉ የተወሰነ ድርሻ ነበረው፤ የተሻለ ምግብ፣ ሰፊ ቤትና ስደትም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሐረር የካፑቺን ሚስዮናውያን በ1901 የቅዱስ አንጦንዮስን የሥጋ ደዌ መጠለያ ከፈቱ፤ በ1930ዎቹ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተሠራ። ከየክፍለ ሀገሩ በእግርና በበቅሎ የመጣ ታማሚ ሕክምናውን ሲጨርስ የሚመለስበት ቀዬ ስላልነበረው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፤ ሰፈሩ የተመሠረተው እንዲህ ነው። በ1965 በዚያው ግቢ አለርት ተቋቋመ፤ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ሐኪሞችና ነርሶች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ሆነ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ከጎኑ የምርምር ተቋም ተከፈተና የአርማወር ሃንሰን ስም ተሰጠው። በወቅቱ መድኃኒቱ ዳፕሶን ነበር፤ ርካሽ ነው፣ በአፍ ይወሰዳል፣ ለብዙ ዓመት፣ ለአንዳንዱም ለዕድሜ ልክ ይሰጣል። ታማሚዎቹ ይሻላቸዋል። ከዓመታት በኋላ ግን አንዳንዶቹ ክኒኑን ሳያቋርጡ እንደገና ይታመሙ ጀመር።

ይህን ማን አየው? ማይክሮስኮፕ አላየውም፤ በመነጽር ሥር መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያና ያልተላመደው አንድ ናቸው። በሳህን ላይ አሳድጎ በመድኃኒት መፈተንም አይቻልም። በ1960 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባክቴሪያው በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ በጥቂቱ እንደሚባዛ አሳይቶ ነበር፤ ፈተናው ግን ወራትን ይፈጃል፤ ለሁሉም ታማሚ ሊደረግ አይችልም። ለየትኛው ታማሚ እንደሚደረግ የነገረው የአለርት ካርድ ነው፤ ሰውየው መቼ ሕክምና እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደቀረ፣ አዲሱ እባጭ መቼ እንደወጣ የተጻፈበት። በአዲስ አበባ የሚሠሩ ሐኪሞች ከለንደን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1970ዎቹ ባወጡት ሥራ ባክቴሪያው ዳፕሶንን መላመዱ የተለመደ ችግር እየሆነ መምጣቱን አሳዩ። በ1977 ደግሞ ይበልጥ አስደንጋጩን ተናገሩ፤ ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ታማሚዎች መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይዘው እየመጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ ሲወስኑ ከፊታቸው ከነበሩት ማስረጃዎች ይህ የአዲስ አበባ ማስረጃ አንዱ ነበር። ዛሬ አንድ ታማሚ እንደ በሽታው ዓይነት በስድስት ወይም በዐሥራ ሁለት ወር ይድናል፤ መድኃኒቱም ከ1995 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል።

መዝገብን ይህን ያህል ካሞገስኩ በኋላ መዝገብም እንደሚዋሽ መናገር አለብኝ። በ1991 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታውን ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ለማድረስ ግብ ጣለ፤ ኢትዮጵያም በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገር ደረጃ ደረሰችበት። ቁጥሩ ግን የሚቆጥረው በሕክምና ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ሕክምናው ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ሲያጥር፣ አንድም ሰው ከመታመም ሳይድን የታማሚው ብዛት በወረቀት ላይ በግማሽ ይወርዳል። ክኒኑን የጨረሰው፣ ጣቶቹን ግን ያጣው ሰው ከመዝገቡ ይወጣል። ግቡ ተመታ ተብሎ ከበሮ ሲመታ ልዩ ክሊኒኮች ተዘጉ፤ ምልክቱን ለይተው የሚያውቁ ሐኪሞችም ተመናመኑ፤ በአገራችን ግን በየዓመቱ ከ2,000 የሚበልጡ አዳዲስ ታማሚዎች መገኘታቸው አልቆመም። ከእነዚህ መካከል ሕፃናት መኖራቸው ከሁሉ በላይ ያሳስባል፤ ሕፃን ታመመ ማለት በሽታው በቅርብ ጊዜ ተላልፏል ማለት ነውና።

ሕጉ እንኳ ከባክቴሪያው ጋር የተራመደው ዘግይቶ ነው። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ በስሕተት ተፈጸመ ተብሎ ሊፈርስ ከሚችልባቸው ምክንያቶች መካከል የትዳር ጓደኛው ሥጋ ደዌ እንዳለበት አለማወቅን በስም ጠቅሶ ነበር፤ ያኔ ዳፕሶን ከዐሥር ዓመት በላይ በዓለም ሁሉ ሲሠራበት ቆይቷል። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሥጋ ደዌን ስም አወጣና በምትኩ የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታን አስገባ። ሥጋ ደዌ ደግሞ ይድናል፤ በዘርም አይተላለፍም። የበርገኑና የሚኒሶታው ክርክር በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ በጸጥታ የተፈታው በዚህች አንቀጽ ነው። በአጥንት ቆጠራው ላይ ግን ገና አልተፈታም፤ አዛውንቶቹ ሕጉን ጠይቀው አያጋቡም።

አሁን ያለው ፈተና ደግሞ መዝገቡን እንደገና ወደ መሃል አምጥቶታል። ከ2018 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ከታማሚው ጋር ለረጅም ጊዜ ለኖሩና ለቀረቡ ጤነኛ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ ይመክራል፤ በባንግላዴሽ በተደረገ ትልቅ ሙከራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አዲስ ታማሚዎችን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ክኒኑን ለመስጠት የታማሚው ቤተሰብ፣ ጎረቤትና የዕድር ጓደኛ በስም መዘርዘር አለበት። በሽታውን ከሁሉ የደበቀ ሰው ስለ እነርሱ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጎረቤት ደጃፍ ላይ መድኃኒት ይዛ መቆሟ ብቻ ምስጢሩን ያወጣዋልና። ስለዚህ መመሪያው ታማሚው ካልፈቀደ ስሙ ለጎረቤት እንዳይነገር ያዛል፤ አንዳንድ አገሮች ለቤተሰቡ ብቻ መስጠትን፣ ሌሎች ደግሞ ለመንደሩ በሙሉ ማደልን መርጠዋል። የመጀመሪያው ብዙ የተጋለጡ ሰዎችን ያስቀራል፤ ሁለተኛው ምስጢር ይጠብቃል፣ ግን ለማያስፈልገው ሰው ሁሉ ሪፋምፒሲን መስጠት የቲቢን ባክቴሪያ ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳል የሚል ስጋት አለ፤ ሪፋምፒሲን የቲቢም ዋና መድኃኒት ነውና። ክርክሩ በባለሙያዎች መካከል ገና ቀጥሏል።